ገበታ ላይ የተገኘ ብቻ

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ልጆቹ ተኝተዋል። ሰማያዊውን መጋረጃ ስጋርደው ክፍሉ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል፤ ትንንሽ አልጋዎቹ፣ ጫማዎቹ፣ እኔም ጭምር። ውጭ ጉሙ እስካሁን አልተነሣም። ጠዋት ስመጣ የጎርፍ ክትሩ እንኳ አይታይም ነበር፣ ከክትሩ ማዶ ያለው ወንዝማ ይቅር። ይሰማል እንጂ አይታይም። ሞልቶ ሲሄድ ድምፁ ወፈር ይላል።

ይህን ደብተር የገዛችልኝ እትዬ ፐርሊን ናት። «ከራስሽ ጋር ማውራት አበዛሽ፤ ልጆቹ እየሰሙሽ ነው። ወይ ዝም በይ ወይ ጻፊው» አለችኝ። እትዬ ፐርሊን የባሌ የካርቨር ታላቅ እህት ናት፣ የሕፃናት ማቆያችንም ምግብ አብሳይ እሷው ናት። ያለችውን ካላደረግሽ ምሳ የለም። ስለዚህ ይኸው እጽፋለሁ።

ማመልከቻውን ዛሬ ላክሁ። ሕፃናት ለምናውል ሰዎች መንግሥት የቁርሱንና የምሳውን ወጪ ይተካል። ስንት ዓመት ሙሉ ወሬውን እየሰማሁ «ወረቀቱ ማን ይችለዋል» ብዬ ትቼው ነበር። ዘንድሮ ግን መውጫ የለኝም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለችው ይህች ቤት፣ ዓሣ ፋብሪካ የሚውሉ እናቶች ልጆቻቸውን አምነው የሚተዉባት ብቸኛ ቦታ ናት፤ እኔ ደግሞ ከጓዳዬ እያወጣሁ ማብላት አቅቶኛል። ድጎማው ካልጸደቀልኝ ሙቀቱ ሳይገባ እዘጋለሁ። ጻፍኩት እንግዲህ። ለማንም አልነገርኩም። ለካርቨር ሲመጣ እነግረዋለሁ።

የዘገየው ወንዙ ስለሞላ ነው። ወንዙ ሲሞላ እሱ የሚሠራባቸው የጭነት ጀልባዎች ይዘገያሉ። ምንጊዜም እንዲህ ነው።


ሰኞ፣ የካቲት 24

ጥድፊያ። የወተቱ ጦርነት ተጀመረ። ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅ ቅባቱ የወጣለት ወተት ነው የሚጠጣው ይላል የድጎማው ደንብ። እትዬ ፐርሊን ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው።

«ይኼ ወተት ነው ወይስ ሰሃን የታጠበበት?»

«ደንቡ ነው እትዬ።»

«ሩዙስ? ነጩ ምን አደረጋቸው?»

«ቡናማው ይሻላል ይላሉ።»

«እናታችን ስድስታችንን በነጭ ሩዝ ነው ያሳደገችን። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያስ!»

ቡናማውን ቀቀለችው። ቂሟን ግን ጨው ውስጥ ጨመረችው፤ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲሉ ዋሉ።


ረቡዕ፣ የካቲት 26

ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። የአንድ ሳምንት የምሳ ቆጠራ ለሙከራ እንድንልክ ይፈልጋሉ። ቀላል ነው። እትዬ ፐርሊን ምግቡን ስታወጣ ሰሃኖቹን ትቆጥራለች፣ ለእኔ ትነግረኛለች፣ እጽፋለሁ። ድሮም እንዲህ ነው የምንሠራው።

ኖቫ ዛሬም አልተኛችም። አራት ዓመቷ ነው፤ ሌሎቹ ሲያንቀላፉ እሷ ጣሪያ እያየች ታስባለች።

«ሚስ ሊታ፣ ምድጃው ላይ ያለው ሰሃን የማነው?»

«የሚስተር ካርቨር።»

«መቼ ነው የሚበላው?»

«ሲመጣ።»

«ይቀዘቅዝበታል እኮ።»

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አልኳት።

ለሕፃን እንዴት ይነገራል? ወንዝ ላይ የሚሠራ ሰው ያለበት ቤት ምሳ ሲወጣ ለሱም ይወጣል። ሰሃኑ በፎይል ተከድኖ ምድጃው ዳር ይቀመጥለታል። የካርቨር እናት ለአባቱ ታደርግ ነበር፤ የሷም እናት እንዲሁ። ሰሃን የማይወጣለት ሰው ውሃ የበላው ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ ዳርቻ ቀድማ ሰሃኑን የምታቆም ሴት የለችም፤ ማን ደፍሮ? እኔ ቀኑን እዚህ ስለምውል የካርቨር ሰሃን እዚሁ ይወጣል። ማታ ይዤው እገባለሁ። ጠዋት ክትሩ ላይ ለወፎቹ አራግፈዋለሁ። ወፎቹ አውቀውኛል።


ዓርብ፣ የካቲት 28

ልጆቹን ሊወስዱ ሲመጡ የኖቫ እናት ሻቮን ከሌላ እናት ጋር በር ላይ ቆማ ታወራለች። እኔ ከጀርባቸው ካፖርት እያንጠለጠልኩ ነበር።

«በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ከድልድዩ ማዶ፣ የልብስ ማጠቢያው ቤት ፊት ለፊት መኪናው ቆሟል።»

«ዝም በይ፣ ትሰማሻለች።»

ዞር ሲሉ አዩኝ። ሻቮን ወዲያው «ይሄ ጉም ግን አይነሣም እንዴ?» አለች።

የምን መኪና እንዳየች አላውቅም፤ ስለማን እንደምታወራም አልሰማሁም። ለነገሩ የካርቨርን የመሰለ ቀይ ፒክአፕ በዚህ አገር ሞልቷል። የሰው አፍ ሥራ ሲፈታ እንዲህ ነው።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ሕልም አየሁ። እዚሁ ወንበሩ ላይ፣ ልጆቹ ተኝተው ሳለ፣ አንገቴ ዘንበል እንዳለ።

ውሃው ክትሩን በቀስታ ተሻገረ። አልሮጠም፤ እንግዳ እንደሚገባ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። አልጋዎቹ ከወለሉ ተነሡ፣ ልጆቹም ሳይነቁ በመስኮቱ ወጥተው በጥጡ እርሻ ላይ ተንሳፈፉ። አላዘንኩም። ሁሉም ደህና እንደሆኑ አውቄአለሁ። ራቅ ብሎ ካርቨር ጀልባ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ የምሳ ፎጣ አስሯል። «ሊታ! ስንት ናችሁ?» ይለኛል። እቆጥራለሁ። እጨርስና «ይኸን ያህል» ልለው ስል አንድ አልጋ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላል፣ እንደገና እጀምራለሁ። ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

ስነቃ ጉንጬ ርሷል። ቤቱ ይወብቃል፤ ላብ ነው።


ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ተመለሰ።

ማመልከቻው ተመለሰ። «በሙከራ ሳምንታችሁ በየቀኑ የቀረበው ምሳ በዕለቱ ከተገኙት ልጆች በአንድ ይበልጣል» ይላል። በየቀኑ! አንድ ቀን ቢሆን ስሕተት ነው ይባላል።

ስልክ ደወልኩ። ጉዳዩን የያዘችው ሚስ ዳንድሪጅ የምትባል ሴት ናት፤ ድምፅዋ የደከመ ነው፣ ግን አትቸኩልም።

«ቆጠራውን ማን ነው የሚይዘው?»

«አብሳያችን ናት።»

«ምንድነው የምትቆጥረው?»

«ሰሃኑን።»

«እመቤቴ፣ ሰሃን አይቆጠርም። የሚቆጠረው ልጅ ነው፣ እሱም እየበላ ሳለ። ሳይቀርብ በፊት አይሆንም፣ ከተነሣ በኋላም አይሆንም። ገበታ ላይ የተገኘ ብቻ።»

ከመቀበልና ከመከልከላቸው በፊት መጥታ በዓይኗ ታያለች። በሚያዝያ። ያን ቀን ካልተስተካከለ ቀጣዩ ዙር በመከር ነው። በመከር እኔ የት ልኖር? ይህ በር የት ሊኖር?

ማድ ቤት ገብቼ እትዬ ፐርሊንን ተናገርኳት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። «ዓይንሽ ደክሟል፤ እስከ ሠላሳ መቁጠር አቅቶሻል። ልታዘጊኝ ነው!» አልኳት።

«እኔ?» አለች።

«አንቺ! አንድ ይበልጣል እያሉኝ ነው፣ በየቀኑ!»

እትዬ ፐርሊን አፍ አላት፣ መቼም አታጣም። ያን ጊዜ ግን ምድጃው ላይ ወዳለው ሰሃን አየች፣ ወደኔ አየች። ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ ሄዳ ሰሃኑ ላይ ያለውን ፎይል ጠርዝ ጠርዙን ጠበቅ ጠበቅ አደረገችው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች በመጨረሻ። ወረቀቱን እየሰደበች መስሎኝ ወጣሁ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ይቅርታ ጠየቅኳት። «ምን አልሽኝና?» አለች። ከዛሬ ጀምሮ የምቆጥረው እኔ ነኝ፣ በራሴ ዓይን፣ ልጆቹ እየበሉ ሳለ።

ቀሚሴ ወገቤ ላይ አልቆም ብሎ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። እትዬ ፐርሊን አየችኝና «ነፋስ ሳይወስድሽ ኪስሽ ድንጋይ ጨምሪ» አለች። ሾርባ አስቀመጠችልኝ። ስልክ ደወለ፣ ልጅ አለቀሰ፣ ረሳሁት።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ከጀልባው ድርጅት አንድ ልጅ ደወለ። ድምፁ ገና ለጋ ነው። የካርቨር ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ ሣጥን ውስጥ እንደቀረ፣ ቦታው ለሌላ ሰው ስለሚፈለግ ወዴት እንደሚልኩት ጠየቀኝ።

«እሱ ጋ አይሻልም? ጀልባው ላይ?» አልኩት።

«የትኛው ጀልባ፣ እሜቴ?»

ወረቀት አገላብጦ «ቆይ፣ እዚህ እንደሚለው ግን...» አለና ተወው። ምናልባት ድምፄ ገርሞት ይሆናል። «በዚህ አድራሻ እንላከው» አለኝ። እሺ አልኩ።

አዲስ ሠራተኛ ነው። አዳዲሶች ስም ያምታታሉ። ካርቨር የሚባል ሰው እዚያ አንድ ብቻ ነው ያለው?

ልጆቹ ሲተኙ ዝናብ መጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ዞሩ፣ በእንቅልፋቸው፣ አንድ ላይ። ቆሜ አየኋቸው። ዓለም ሁሉ እንዲህ ቢተኛ፣ ማንም ማንንም ባይጠይቅ። ይህችን ሰዓት እወዳታለሁ። እዚህ ውስጥ ምንም ነገር ገና አልሆነም።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 3

ልምምድ። ገበታውን እየዞርኩ፣ ልጅ በልጅ። በቆሎ ዳቦ፣ ጎመን፣ ዶሮ። እየበሉ ሳለ።

ዛሬም አንድ በለጠ። ተዘናግቼ ይሆናል።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

አንድ በለጠ። ጃማሪየስ ከወንበር ወንበር ስለሚዘዋወር ነው፤ ያ ልጅ ቁጭ አይልም። ሁለቴ ቆጥሬው ይሆናል። ሳልነግራት እትዬ ፐርሊን «እንዴት ሆነ?» አለችኝ። «ደህና» አልኩ። አየችኝ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለችና ድስቷን መፋቅ ጀመረች። ይህቺ ሴት ሰሞኑን ተረት አበዛች።


እሑድ፣ ሚያዝያ 12

ፓስተሩ የሚጸለይላቸውን ሰዎች ስም አነበበ። የታመሙት፣ የተጓዙት። ከዚያ ሙሉ ስሜን ጠርቶ «እህታችንን አርሊታን በዚህ ሰዓት ጌታ ያጽናናት» አለ። ሰው ሁሉ «አሜን» አለ፤ ከወትሮው ሞቅ ያለ አሜን።

በየትኛው ሰዓት? ስለ ማመልከቻው ሰምተው ይሆናል። ከኋላዬ የነበረች አሮጊት ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ፣ እጇ ለረጅም ጊዜ አልተነሣም። ደግሞም እኮ ለድጎማ ማመልከቻ መጸለይ ነውር አይደለም።

ጉሙ ለጥቂት ጊዜ ተገለጠና የወንዙ ማዶ ታየ። ዛፎች፣ የውሃ ታንከር፣ ድልድዩ። ያን ያህል ቅርብ መሆኑን ረስቼው ነበር። በጀልባ ሳይሆን በእግር የሚደረስበት መሰለኝ። ዓይኔን መለስኩ።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ማታ ነው፣ ቤቴ ነኝ። እንደ ሆነው አድርጌ ልጻፈው።

ሚስ ዳንድሪጅ ረፋዱ ላይ መጣች። ግቢው ጭቃ እንደሚሆን አውቃ የላስቲክ ቦት ጫማ አድርጋለች፤ እዚህ አገር ያደገች ናት አልኩ በልቤ። ማቀዝቀዣውን ከፈተች፣ ወተቱን አየች፣ የእጅ መታጠቢያውን ሞከረች። እትዬ ፐርሊን ነጩን ሽርጧን አጥልቃ እንደ ወታደር ቆማለች። አምባዛ በምድጃ፣ ጎመን፣ ስኳር ድንች፣ የበቆሎ ዳቦ። መዓዛው ያስጎመጃል።

ልጆቹ ተቀመጡ፣ ጸለዩ፣ መብላት ጀመሩ። ሚስ ዳንድሪጅ ጥግ ላይ ትንሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔ ዞርኩ። ቀስ ብዬ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ። ጨርሼ ጻፍኩና አሳየኋት።

«እኔ በአንድ ያነሰ ነው ያገኘሁት» አለች። «እንደገና ይቁጠሩ፤ አይቸኩሉ።»

ዞርኩ። ያው ነው። ይህቺ ቤት ልትዘጋ ነው፣ በአንድ ሰሃን፣ እኔ መቁጠር ስላልቻልኩ። ሻቮን ነገ ልጇን ለማን ትታት ትሄዳለች?

«ሚስ ሊታ» አለች ኖቫ፣ አፏ ስኳር ድንች እንደሞላ። «ምድጃውንም እኮ እየቆጠርሽ ነው።»

«ምን?»

«ሁሌ መጨረሻ ላይ ወደ ምድጃው ታዪና አንድ ትጨምሪያለሽ።»

ሁሉም ወደ ምድጃው ዞሩ። ሚስ ዳንድሪጅ ተነሥታ ሄደች። ፎይሉን አልነካችውም። «ይሄ የማነው?» አለች።

«የባለቤቴ ነው። ወንዝ ላይ ነው የሚሠራው።»

«ምሳ እዚህ ነው የሚበላው?»

«ሲመጣ።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ እዋሻት ነበር። ግን እንደ ማንኛውም ሰው ነው የጠየቀችኝ፤ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚጠየቅ። እትዬ ፐርሊን «ሊታ፣ የኔ ልጅ...» ብላ ጭልፋዋን አስቀመጠች። በዚህ አገር ሁሉም መልሱን እንደሚያውቀው በዚያች ቅጽበት ገባኝ። የበር ላይ ወሬው፣ ያ ሞቅ ያለ አሜን፣ ትከሻዬ ላይ የዋለችው እጅ። ከኔ በቀር ሁሉም ቆጥሮ ጨርሷል።

«አይመጣም» አለ አንድ ሰው። እኔ ነበርኩ።

ከዚያ አፌ አልገታ አለ። «ከገና በፊት ነው የሄደው። ወንዙ ያኔ አልሞላም ነበር። ሻንጣውን ሲያስር አይቼዋለሁ፣ ‘ጀልባ ላይ ነው’ አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። የእሑድ ጫማውን ይዞ ጀልባ ላይ ምን ያደርጋል? እያየሁ እሺ አልኩት።»

ልጆቹ መብላት አላቆሙም። ሹካቸው ይሰማ ነበር። ሚስ ዳንድሪጅ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ይዛ ጠጋ ብላ ልጆቹ በማይሰሙት ድምፅ እንዲህ አለችኝ፦

«ሰሃን ማስቀመጥ አልተከለከለም እመቤቴ። መቁጠር ነው የተከለከለው። አሁን እንደገና ይዙሩ።»

ዞርኩ። የእያንዳንዱን ልጅ ራስ እየነካሁ፣ ሙቀቱ መዳፌ ላይ እየቀረ። ኖቫ የመጨረሻዋ ነበረች። እዚያ ላይ ቆምኩ። ወደ ምድጃው አላየሁም። ከባድ ነበር፤ አንገቴ ራሱ ሊዞር ይታገለኝ ነበር።

ሚስ ዳንድሪጅ የራሷን ወረቀት አየች። «አሁን ተገናኘን» አለች።

የምትወስነው እሷ ብቻ እንዳልሆነች፣ የመጀመሪያው ሳምንት ስሕተትም መዝገብ ላይ እንዳለ ነግራኝ ሄደች።


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

እትዬ ፐርሊን ጠዋት ዓይኗ አብጦ መጣች። ዱቄቱን እያነፋች፣ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

«በጥር ደውሎልኛል። ‘ንገሪያት’ አለኝ፣ ፈሪ። እኔስ በምን አፌ?»

«ታዲያ ለምን በየቀኑ ሰሃን ታወጪለት ነበር?»

«አንቺ እየጠበቅሽ እንዴት ልተው?»

«እኔ እኮ የምጠብቀው አንቺ ስለምታወጪ ነው! ወንድምሽ ነው፣ ሞተ ብዬ ልቅበረው?»

ተያየን። መጀመሪያ እሷ ሳቀች፣ በዱቄት እጇ አፏን ይዛ። ከዚያ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ወለሉ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሁለት ትልልቅ ሴቶች።

«ተነሺ» አለችኝ በመጨረሻ። «ልጆቹ ሊመጡ ነው። አንቺም ዛሬ ካልበላሽ በዚህ ጭልፋ ነው የምልሽ።»


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

የለም። ደብዳቤ የለም። ፖስተኛው መኪናውን እንኳ አያቆምም።

ምሳ ወጣ፤ ለልጆቹ፣ ለኛ። ሌላ ሰሃን አልወጣም። ማታ ባዶ እጄን ወደ ቤት ስሄድ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። ውሃ አልበላውም፣ ምንም አልሆነም፤ ከድልድዩ ማዶ ልብሱን እያሳጠበ ይሆናል። ይህን መጻፍ ያን ያህል አልገደለኝም።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ጸደቀ!

ፓስተሩ ከመስኮት ሆኖ ጩኸቴን ሰምቶ እሳት የተነሣ መስሎት ባልዲ ይዞ ሮጠ። ሻቮን አቀፈችኝና «እኔ እኮ ሌላ ከተማ ልሄድ ነበር» አለችኝ ጆሮዬ ሥር። እትዬ ፐርሊን ደብዳቤውን ሁለቴ አስነበበችኝ። «ስለ ነጭ ሩዝ የሚል ነገር አለበት?» አለች። የለበትም። «ጨካኞች» አለች፣ ግን ቀኑን ሙሉ ስታዜም ዋለች።


ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ወንዙ ወርዷል። ሙቀቱ ገብቷል። ልጆቹ ተኝተው ማራገቢያው መጋረጃውን ያነሣል ይጥላል፣ ያነሣል ይጥላል። እኔም ልተኛ ምንም አልቀረኝም። የኋለኛው በር ሲንኳኳ ሕልም ነው ብዬ አልተነሣሁም ነበር።

ካርቨር ነው። ከሽቦ ወንፊቱ በር ማዶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። ወፍሯል። ሸሚዙን የተኮሰው ሰው መተኮስ ያውቃል።

«ሊታ» አለ።

«ቀስ በል፣ ልጆች ተኝተዋል።»

«ስንት ጊዜ ልመጣ ብዬ...» አለና ተወው። ወደ ውስጥ አሸተተ። «ዶሮ ነው? የፐርሊን ዶሮ ነው አይደል? ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም።» ፈገግ አለ፤ ያ የድሮው ፈገግታ። «ሰሃኔ የታለ?»

በሕይወቴ ያን ያህል ልከፍት የፈለግኩት በር የለም። ይህን ካልጻፍኩ ደብተሩ ለምኔ ነው? መንጠቆው በጣቴ ሥር ነበር፣ ትንሽ ነገር፣ ወደ ላይ ብገፋው ይነሣል። እሱም ያየው ነበር።

«ምሳ አልፏል» አልኩት።

«የተረፈ አይጠፋም።»

«ምግቡ ሲቀርብ ገበታ ላይ የነበረ ነው የሚቆጠረው። ደንቡ ነው።»

ሳቀ። «የማን ደንብ ነው ደሞ?»

«የመንግሥት» አልኩ። ከዚያ ድምፄ ሳይሰበር፣ «አሁን የኔም ነው።»

ፈገግታው ቀስ እያለ ሄደ። ከኋላዬ እትዬ ፐርሊን ከማድ ቤት መጥታ ቆማለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ታላቅ እህቱ ናት፤ ጡት ሲጥል ያዘለችው እሷ ናት። ወደሷ ዞረ።

«ፐርሊን» አለ፣ እንደ ልጅ።

«ለወጉ እንኳ በፊት ለፊት በር ብትመጣ ምን ነበረበት» አለችው። «ቤቷ ያስገባችህ ሴት አብስላልህ ይሆናል፣ ሂድ፣ ይቀዘቅዝብሃል።» ይህን ስትል አለቀሰች፣ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

ባርኔጣውን አደረገ። ክትሩን ወጥቶ እስኪሰወር ድረስ ሁለታችንም በወንፊቱ አየነው። ተከትዬው ልሮጥ ነበር። እትዬ ፐርሊን እጄን አልያዘችኝም፤ ራሴ ነኝ የቀረሁት። ከዚያ አለቀስኩ፣ ፎጣ አፌ ላይ አድርጌ፣ ልጆቹ እንዳይነቁ።

በኋላ አንድ በአንድ ነቁ፣ ፀጉራቸው ተንጨባሮ፣ የት እንዳሉ ጠፍቷቸው። ጫማ አደረግንላቸው፣ እጅ አስታጠብን። እትዬ ፐርሊን ፖም ቆረጠች፣ ያን ውሃ የመሰለ ወተቷን ቀዳች። ሁሉም ተቀመጡ፤ ተጠጋግተው ለኔም አንድ ትንሽ ወንበር አስገቡልኝ።

እየበሉ ሳለ ቆጠርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ። ልክ ነው።